ስድስት ሜጋ ፒክስል ይበቃል፦ አሮጌ ኒኮን ዲ70 መርጦ ለመግዛት፣ ለመፈተሽና ለመሥራት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የቆዩ ፎቶ ቤቶች መሳቢያቸው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጠይቄ ነው ያገኘሁት። ከባድ፣ ጥቁር፣ የእጅ መያዣው ላስቲክ የላላ፣ አቧራ የጠጣ ኒኮን ዲ70 ካሜራ። ባለቤቱ ጋሼ የምላቸው አንጋፋ ፎቶ አንሺ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄማ ጊዜው አልፎበታል፤ የያዝከው ስልክ ይበልጠዋል" አሉኝ። "ግድ የለም ጋሼ፣ ልሞክረው" አልኳቸው። አቦሉ ሳይወርድ ባትሪውን ፈልገው አመጡ፣ ቶናው ላይ በዋጋ ተስማማን፣ በረካው ላይ መርቀው ሰጡኝ።

ጋሼ ስለ ስልኩ ያሉት በከፊል እውነት ነው። ጨለማ ውስጥ፣ ቪዲዮ ላይ፣ ወዲያው ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ላይ ስልክ ይበልጠዋል። ዲ70 ቪዲዮ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ግን በደህና ብርሃን የሰው ፊት አንስታችሁ ወረቀት ላይ ስታሳትሙት ነገሩ ይለወጣል። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያገኘ ሰው ከግዢው እስከ ሕትመቱ ምን ማድረግ እንዳለበት እኔ በሠራሁበት ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ካኖን 300ዲ ወይም ሌላ የዚያ ዘመን ካሜራ ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ዲ70 ይፋ የሆነው በጥር 2004 ነው፣ በእኛ 1996። ከዚያ በፊት ዲጂታል ኤስኤልአር፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀየርና በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስታወት የሚታይበት ካሜራ፣ የሀብታም ዕቃ ነበር። ኮዳክ በ1991 ያወጣው የመጀመሪያው ሞዴል በኒኮን ኤፍ3 ፊልም ካሜራ ላይ የተሠራ ሲሆን 1.3 ሜጋ ፒክስል፣ ማለትም 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ነበረው፤ ፎቶው የሚቀመጥበት ሣጥን ደግሞ ለብቻው ትከሻ ላይ ይንጠለጠል ነበር። በ1999 የኒኮን ዲ1 መጣ፣ 2.7 ሜጋ ፒክስል። በ2003 ካኖን 300ዲን ከ1000 ዶላር በታች ሲያወጣ በሩ ተከፈተ፤ ዲ70 በዚያው በር ተከትሎ የገባ ነው።

ስልክ ለለመደ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። ከማንሳታችሁ በፊት ከኋላ ያለው እስክሪን ምንም አያሳይም። ተበላሽቷል ብላችሁ ይዛችሁ እንዳትመለሱ። የምታዩት በላይኛው ቀዳዳ በኩል ነው፤ በሌንሱ የገባውን ብርሃን ውስጥ ያለው መስታወት ወደ ላይ ይመልስላችኋል። ስትጫኑት መስታወቱ ይነሳል፣ ሸተሩ፣ ማለትም የብርሃኑ መዝጊያ፣ ይከፈታል፣ ብርሃኑ ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ያርፋል። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ በስፒከር የተቀዳ ሳይሆን እውነተኛ ነው።

ሴንሰሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ግዢው መሄድ ትችላላችሁ። ግን ባትዘሉት ይሻላል፣ ምክንያቱም ኋላ የምነግራችሁ ምክር ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

የዲ70 ሴንሰር ሲሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። 23.7 በ15.6 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በላዩ 3008 በ2000 ነጥቦች ተደርድረዋል፣ ወደ 6 ሚሊዮን ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ወርዱ 7.8 ማይክሮ ሜትር ያህል ይሆናል። የብዙ ስልኮች ነጥብ 1 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ነው። አንዱን እንደ ገንቦ ሌላውን እንደ ስኒ አስቡት፤ ዝናቡ እኩል ቢዘንብም ገንቦው የሚይዘው ውሃ በጣም ይበልጣል። ስልክ ብዙ ፎቶ እየደራረበና በሶፍትዌር እያስተካከለ ነው ይህን ጉድለት የሚሸፍነው። ዲ70 እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም፤ ያለው ገንቦው ብቻ ነው።

ብርሃን ገንቦው ውስጥ ሲገባ ወደ ኤሌክትሪክ ቻርጅ ይለወጣል። አሁን ይህ ቻርጅ መቆጠር አለበት። ሲሲዲ የሚቆጥርበት መንገድ እንደ ደቦ ነው። ቤት ሲመረግ ሰው ተሰልፎ ጭቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበል አይታችኋል አይደል? ልክ እንደዚያ፣ ቻርጁ ከረድፍ ወደ ረድፍ እየተላለፈ ወጥቶ መጨረሻው ላይ ባለ ማጉያ ይለካል። በካኖን 300ዲ ያለው ሲሞስ የሚባለው ሴንሰር ግን እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የራሱ ማጉያ አለው፣ በየቤቱ በር ላይ ቆጣሪ እንደ ማለት። ዛሬ ስልኩም ካሜራውም በአብዛኛው ሲሞስ ሆኗል፤ ፈጣን ነው፣ ባትሪም አይበላም። ሲሲዲን የፈለሰፉት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ናቸው፣ በ1969 ቤል ላብስ ውስጥ። ለዚህም በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ተካፍለዋል።

"የሲሲዲ ቀለም ልዩ ነው፣ እንደ ፊልም ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግማሹን ነው የማምነው። ቀለሙን በዋናነት የሚወስነው ከሴንሰሩ ፊት ያለው የቀለም ማጣሪያና ካሜራው ፋይሉን የሚያዘጋጅበት መንገድ እንጂ ሲሲዲ መሆኑ አይደለም። ቢሆንም ዲ70 ፊት ላይ የሚያወጣው ቀለም ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ማጣሪያው ራሱ ጉዳይ አለው። ሴንሰሩ ቀለም አያውቅም፤ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተደርጎበታል። ግማሾቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ፤ የሰው ዓይን ዝርዝርን አብልጦ የሚለየው በአረንጓዴ አካባቢ ስለሆነ ነው። አደራደሩ የኮዳኩ ብራይስ ባየር ሥራ ነው፣ የፈጠራ መብቱ በ1976 የተሰጠ። አንድ ነጥብ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚያነብ የቀሩትን ሁለቱን ካሜራው ከጎረቤቶቹ ይገምታል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የማይሆነው መቼ ነው? ነጠላ ስታነሱ! ቀጭን ድርና ማግ ከሴንሰሩ ነጥቦች ጋር ሲጋጭ ጨርቁ ላይ የሌለ ቀስተ ደመና የሚመስል ማዕበል ይወጣል። ይህን የሚያለዝበው ማጣሪያ በዲ70 ላይ ደካማ ነው፤ ምስሉ ጥርት የሚለውም ነጠላው የሚንቀጠቀጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ዋናው። ገንቦው ሲሞላ ምን ይሆናል? ይፈሳል። ከሞላ በኋላ የገባው ብርሃን አይመዘገብም፣ ቦታው ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ በኋላ በኮምፒውተር የፈለጋችሁትን ብታደርጉ አይመለስም። ጥላ ውስጥ ያለው ግን ትንሽም ቢሆን ገንቦው ውስጥ አለ፤ ጫጫታ፣ ማለትም አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ፣ ቢኖረውም ማውጣት ይቻላል። ዲ70 ጥላን ይምራል፣ ነጭን አይምርም። ይቺን ያዙልኝ።

ስትገዙ የምትፈትሹት

ወደ ገበያው እንሂድ። ባትሪና የራሳችሁን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። "ባትሪ የለውም እንጂ ይሠራል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱ።

አንደኛ፣ የካርዱን በር ከፍታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ዲ70 የሚጠቀመው ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ትልቁን ካርድ ነው፤ ካሜራው ውስጥ 50 ቀጫጭን መርፌዎች አሉት። አንዷ ብትጎብጥ ካርዱ አይነበብም፣ ይባስ ብሎ ካርዱንም ያበላሻል። በስልካችሁ ባትሪ እያበራችሁ በደንብ ቁጠሩ ባልልም ረድፉ ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ። እኔ ከዚህኛው በፊት ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ካሜራ ሁለት መርፌው የተጣመመ ነበር። ቤት ገብቼ ነው ያየሁት። ሻጩ "ስትወስደው ደህና ነበር" አለ፣ እኔም ምን ማስረጃ አለኝ? አርፌ ተውኩት።

ሁለተኛ፣ ስታበሩት ምን እንደሚል አንብቡ። ካርድ ከሌለው ኢ ፊደል በሁለት ሰረዝ መሃል ይታያል፤ ችግር የለውም። ካርድ አስገብታችሁ ሲ-ኤች-ኤ የሚል ብልጭ ካለ ካርዱን ወይም መርፌዎቹን ጠርጥሩ። ኤፍ-ኢ-ኢ ካለ ደግሞ አትደንግጡ፣ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት "ተበላሽቷል" ብሎ በርካሽ ይሸጣል። የአፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ የሚያሰፋና የሚያጠብ፣ ቀለበት ያለው የቆየ ሌንስ ስለተገጠመ ነው፤ ቀለበቱን ወደ ትልቁ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 22 ወይም 16፣ አዙራችሁ ቆልፉት፣ ይጠፋል። አረንጓዴዋ የካርድ መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም እያለች ካሜራው አልታዘዝ ካለ ግን ተዉት። የዚህ ሞዴል የታወቀ ሕመም ነው፣ ጥገናው ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ሸተሩን በሁሉም ፍጥነት ሞክሩት። ከ30 ሰከንድ እስከ 1/8000 ሰከንድ ይሄዳል። ነጭ ግድግዳ ላይ አነጣጥራችሁ በ1/60፣ በ1/500፣ በ1/4000 አንሱ። ግማሹ ጥቁር የሆነ ምስል ከወጣ ሸተሩ ደክሟል።

አራተኛ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት እዩ። አንድ ፎቶ በካርዳችሁ አንስታችሁ ላፕቶፕ ላይ ኤግዚፍ ቱል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት፤ የሸተር ቁጥሩ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። የሠርግ ፎቶ አንሺ የተጠቀመበት ካሜራ ቁጥሩ ትልቅ ቢሆን አይግረማችሁ። ቁጥሩን ለማስፈራሪያ ሳይሆን ለዋጋ መከራከሪያ ተጠቀሙበት።

አምስተኛ፣ ባትሪው። ስሙ ኤን-ኢኤል3 ነው፣ ኋላ የወጣው ባለ ኢ መጨረሻም ይሠራለታል። ሃያ ዓመት የሞላው ባትሪ "ሙሉ ነኝ" ብሎ አሥር ፎቶ ላይ ይሞታል። ሻጩ ፊት ሃያ ሠላሳ ጊዜ በብልጭታ አንሱበት። የጎበጠ ወይም ያበጠ ባትሪ በነፃም ቢሆን አትውሰዱ።

ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ትንሽ አቧራ ግን ምስል ላይ አይታይም፤ ሻጩን ለማስቀነስ ካልሆነ በቀር አታጋንኑት።

ስለ ሌንስ ካነሳን አይቀር፣ አብሮት የሚመጣው 18-70 ጥሩ ሌንስ ነው። ገንዘብ ከተረፋችሁ የቆየ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳው ሰፊ የሆነ ሌንስ፣ ፈልጉ። ዲ70 ውስጡ የራሱ የፎከስ ሞተር ስላለው እነዚያ ባለ ቀለበት አውቶ ፎከስ ሌንሶች ይሠሩለታል። ሴንሰሩ ከፊልም ስለሚያንስ 50ው እንደ 75 ሆኖ ያያል፣ ለፊት ፎቶ ደግሞ ይኼ ነው የሚፈለገው።

የደሴ ጉም ለአቧራ ምርመራ

ሌንስ ሲቀያየር አቧራ ይገባል። የዘንድሮ ካሜራ ራሱን አራግፎ ያጸዳል፤ ዲ70 ግን አያደርገውም። አቧራውን ለማየት ወጥ የሆነ ነጭ ነገር ያስፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ደሴ ነው ያለነው። ክረምት ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን መስኮት ከፍታችሁ ወደ ጉሙ አንሱ፣ ከዚህ የተሻለ ነጭ ግድግዳ በገንዘብ አይገኝም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ አፐርቸር 22፣ ፎከሱ በእጅና ሆን ተብሎ የተበላሸ። ካሜራው ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም፤ አቧራው ከሴንሰሩ ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ጥርት ብሎ ይወጣል። ላፕቶፕ ላይ አስፍታችሁ እዩት፤ ጥቋቁር ክብ ነጠብጣብ ሁሉ አቧራ ነው።

ለማጽዳት ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። ከሜኑው መስታወቱን አንስቶ የሚቆልፈውን ምርጫ ተጠቀሙ፤ መሃል ላይ ባትሪው ካለቀ መስታወቱ እጃችሁ ላይ ይወርዳል። ካሜራውን አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ በላስቲክ መንፊያ፣ ያ እንደ እንቁላል ያለው፣ ከውጭ ሆናችሁ ንፉ። በአፋችሁ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። በነጠላ ጫፍ፣ በሶፍት፣ በጥጥ ማንም አይንካው። ቦታውን ለማወቅ ደግሞ ይቺን ያዙ፦ ከፊት ሆናችሁ ሴንሰሩን ስታዩት ፎቶው ላይ ከላይ የታየው አቧራ ከታች ነው ያለው፣ ግራና ቀኙ ግን አይገለበጥም። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የተሳሳተ ጥግ ስነፋ ውያለሁ።

ቅንብሩ

ሰዓትና ቀኑን አስተካክሉ። ቀላል ይመስላል። ሁለት ሆናችሁ ሠርግ ስታነሱ አንዱ በሀበሻ ሰዓት አንዱ በፈረንጅ ካስተካከለ ግን ፋይሎቹ ሲደባለቁ ሙሽራዋ ከቤቷ ሳትወጣ ኬክ ስትቆርስ ትታያለች።

ከዚያ ጥራቱን ሮው ላይ አድርጉት። ሮው ማለት ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል ነው። ዲ70 ብርሃኑን በ12 ቢት፣ ማለትም በ4096 ደረጃ ነው የሚለካው፤ ጄፔግ፣ ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶ የሚያወጣው የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ግን በ256 ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ጥላውን በኋላ እናወጣለን ብለናልና ደረጃዎቹ ያስፈልጉናል። አንዱ ፋይል ወደ 5 ሜጋ ባይት ነው፣ 4 ጊጋ ካርድ ከ600 በላይ ይይዛል፤ ካሜራው ግን ፋይሉ እንደሚታመቅ ሳያስብ ስለሚቆጥር የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል። ካርድ አለቀ ብላችሁ አትሸበሩ። ትልቅ ካርድም አትግዙ፣ ሁለት ባለ 4 ጊጋ ከአንድ ትልቅ ይሻላሉ።

ሞዱን ኤ ላይ፣ ማለትም አፐርቸሩን እናንተ ፍጥነቱን እሱ የሚመርጥበት ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 200፤ ዝቅተኛው እሱ ነው። ከፍተኛው 1600 ነው፣ እዚያ ሲደርስ ሽንብራ የሚያህል ጫጫታ ይወጣል። እስከ 800 አልፈራም። 1600 ላይ ያነሳሁትን ጥቁርና ነጭ አደርገዋለሁ፣ ያን ጊዜ ጫጫታው የፊልም ይመስላል፣ የሚያየው ሰውም ሆን ብዬ ያደረግሁት ነው የሚመስለው።

የኋላ እስክሪኑ 1.8 ኢንች ነው፤ የቴምብር ያህል ናት። በእሷ "አምሯል" ብሎ መፍረድ ከንቱ ነው። አንስታችሁ ስታዩ የመረጃ ገጾቹን ቀያይሩና ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው የተቃጠለ ነጭ ብልጭ ብልጭ የሚልበት ገጽ ነው፤ ሁለተኛው ሂስቶግራም፣ ማለትም ከግራ ጨለማውን ከቀኝ ብሩሁን የሚያሳየው ግራፍ። ሂስቶግራሙ የቀኝ ግድግዳ ላይ ከተከመረ ገንቦው ፈሷል፣ በመቀነሻ ቁልፉ 0.3 ወይም 0.7 ቀንሱና ድገሙ። አንድ ማታለያ አለው፦ የዲ70 ሂስቶግራም ሦስቱን ቀለም ለያይቶ አያሳይም። ደማቅ ቀይ ቀሚስ ላይ ቀዩ ለብቻው ተቃጥሎ እሱ "ደህና ነው" ይላችኋል። ቀይ የለበሰ ሰው ካለ ሳትጠየቁ ቀንሱ።

ሜዳ ላይ

ባቲ ሰኞ ገበያ። ከደሴ በሌሊት ተነስታችሁ በኮምቦልቻ በኩል ቁልቁል ስትወርዱ ብርዱ ይቀርና ሙቀቱ ይቀበላችኋል። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። የቀዘቀዘ ካሜራ ሞቃት አየር ላይ ሲወጣ ሌንሱም መስታወቱም ላብ ያወጣል። እዚያው ሌንስ ብትነቅሉ እርጥበቱ ሴንሰሩ ድረስ ይገባል። ካሜራውን በፌስታል አስራችሁ ቦርሳ ውስጥ ተዉት፣ ሻይ ጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ይሙቀው፤ ላቡ በፌስታሉ ላይ ይቀራል።

እኩለ ቀን ላይ ያለው ፀሐይ ከላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚመታው፣ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ዲ70 እዚህ ጋ አንድ የማይታመን ጉልበት አለው። ብልጭታውን ከሸተሩ ጋር እስከ 1/500 ሰከንድ ድረስ ያቀናጃል። ካኖን 300ዲ 1/200 ላይ ነው የሚያቆመው። ምክንያቱ ሲሲዲው ራሱ በኤሌክትሪክ ተከፍቶ መዘጋት ስለሚችል ነው፤ መካኒካል ሸተሩን ብቻ አይጠብቅም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ አይኤስኦ 200፣ 1/500፣ ኤፍ 10 አድርጋችሁ አብሮት ያለውን ብልጭታ አንሱት። የዓይኑ ጥላ ይለሰልሳል። አቅሙ ትንሽ ነው፤ በዚህ ቅንብር ከ1.5 ሜትር አይዘልም። ቅረቡ ማለት ነው። ለመቅረብ ደግሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፣ የባቲ ሰው ፈቅዶ ካልሆነ በሩቅ ሲነሳ አይወድም፣ ትክክልም ነው። "እማማ፣ ላንሳዎት?" ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? እሺ ካሉ ሳቃቸውም ይጨመርላችኋል።

ያው የሲሲዲው ብልሃት ዕዳም አለው። በከፍተኛ ፍጥነት ፀሐይን ራሷን ፍሬም ውስጥ ካስገባችሁ ቻርጁ ወደ ጎረቤት ገንቦ ይፈስና ወይን ጠጅ የመሰለ ሰንበር ያሰምራል። ፀሐይዋን ከግመል ጀርባ ወይም ከዛፍ ግንድ ኋላ ደብቋት።

ሐይቅ ስትሄዱ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቁ ዳር፣ ማለዳ ውሃው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን የካሜራውን ብርሃን ቆጣሪ ያወናብደዋል። ውሃው ብልጭ ካለ ቀንሱ። ጉም ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ቆጣሪው ነጩን ሁሉ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሮጥ ጉሙ ጭስ ይመስላል፣ ከ0.7 እስከ 1 ጨምሩ። ሂስቶግራሙ የቀኙን ግድግዳ እስካልነካ ድረስ አብሽሩ።

ላሊበላ ለገና ስትሄዱ የዲ70 ትልቁ ፈተና ይመጣል። ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ሺህ ነጭ ነጠላና ጋቢ፣ መሃሉ ላይ የጠይም ሰው ፊት፣ ከኋላው ጥቁር ቀይ ዐለት። ለፊቱ ብታስተካክሉ ጋቢው ይቃጠላል፤ ለጋቢው ብታስተካክሉ ፊቱ ይጨልማል። እኔ ለጋቢው ነው የማስተካክለው። ጋቢው ብልጭ እስኪያቆም ድረስ እቀንሳለሁ፣ ፊቱን በኋላ ከሮው ፋይሉ አወጣዋለሁ። ከዚያ የሚሻለው ግን ሰውየውን ወደ ጥላ መጥራት ነው። በር ደፍ ላይ፣ ከሰማይ ለስላሳ ብርሃን በሚመጣበት፣ ነጩም ፊቱም ይታረቃሉ። ነጠላው ላይ ያ የቀለም ማዕበል ከታየ አንድ እርምጃ ቅረቡ ወይም ራቁ፣ ወይም ዘንበል በሉ፤ የድሩ ስፋት ከሴንሰሩ ነጥቦች ጋር መጋጨቱን ያቆማል። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ከተፈቀደላችሁ ብልጭታ አታብሩ። ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ አጣብቃችሁ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ በ1/15 ሦስት አራት ጊዜ አንሱ፣ አንዷ ትተርፋለች።

አዳራሽ ውስጥ፣ ኒካህም ይሁን ተክሊል ተብሎ የተደገሰ ድግስ፣ ችግሩ የመብራቱ ቀለም ነው። አንዱ አምፖል ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ዲጄው ደግሞ አረንጓዴ ያበራል። ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ነጭ ወረቀት መድረኩ ላይ አስይዛችሁ ነጩን በራሳችሁ ለኩት፤ ከነጭ ሚዛን፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ከሚያደርገው ቅንብር፣ ምርጫዎች የመጨረሻው ለዚህ ነው። አውቶማቲኩን ካመናችሁ እያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ ቀለም ይዞ ይመጣና ማስተካከል ሌሊቱን ይፈጃል።

ቤት ስትገቡ

ካሜራውን በኬብል ከላፕቶፕ አታገናኙት፤ በጣም ቀርፋፋ ነው። የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ማንበቢያ ግዙ። ካርዱን ስታስገቡ አታስገድዱት፣ ማንበቢያውም መርፌ አለው። ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ሳታስቀምጡ ካርዱን አታጥፉ፣ ስታጠፉም በካሜራው ፎርማት አድርጉት እንጂ በላፕቶፑ አይደለም።

ሮው ፋይሉን ዳርክ ቴብል ወይም ሮው ቴራፒ በሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች መክፈት ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የነጭ ሚዛን፣ ቀጥሎ ነጩን ሳልነካ ጥላውን ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ የቀለም ጫጫታውን ማጥፋት። የብርሃን ጫጫታውን በጥቂቱ ተዉት፣ ሙሉ በሙሉ ስታጠፉት ፊት ፕላስቲክ ይሆናል። ጠርዙን ጥርት የሚያደርገውን ማሾያ ትንሽ ብቻ። ጥላው ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ፍንጣቂ ካያችሁ ከልክ በላይ ጎትታችሁታል፣ መልሱት።

ለሕትመት፣ 3008 በ2000 ነጥብ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 25 በ17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ200 ዲፒአይ እስከ 38 በ25 ይደርሳል፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማንም አይለየውም። ሰው ከዚህ በላይ የሚያሳትመው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ፎቶ ቤቱ ስትሰጡ ጄፔግ በኤስአርጂቢ፣ በተለመደው የቀለም ዓይነት፣ አድርጋችሁ ስጡ፤ ሌላ የቀለም ዓይነት ከሰጣችሁ ፊቱ ደም ያጣ ይመስላል። "አውቶ ማስተካከያውን አጥፋልኝ" በሉት አሳታሚውን። ካላሉት ማሽኑ ያን ሁሉ የተቆጠበ ጥላ አንስቶ ግራጫ ያደርገዋል። አስቀድማችሁ አንድ 10 በ15 አሳትሙ፣ ውጭ ወጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን እዩት፣ ከዚያ ትልቁን እዘዙ።

እኔ ያሳተምኩት የመጀመሪያው ትልቅ ፎቶ የጋሼ ነው፣ ፎቶ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው። መነጽራቸውን አውልቀው ቀረብ አድርገው አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት። "በየትኛው አነሳኸው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "ቻርጀሩን ሰጥቼሃለሁ?" አሉ። "አልሰጡኝም ጋሼ፣ ተውሼ ነው" ስላቸው ተነስተው መሳቢያውን መበርበር ጀመሩ።